ኦቭን የማይጠይቅ የበዓል ጣፋጭ፦ ከጭኮ እስከ ማርሽማሎ

አብዛኛው የአዲስ አበባ ሰው በቤቱ ኦቭን ኖሮት አያውቅም። ምጣድ አለው፣ የከሰል ምድጃ አለው፣ ቡታጋዝ ወይም የኤሌክትሪክ ምድጃ አለው። ኬክ የሚጋገርበት ዝግ ሣጥን ግን ከመጀመሪያው ጀምሮ የኬክ ቤትና የዳቦ ቤት ዕቃ ነው። ዛሬ በጀሞ፣ በለቡ፣ በጎፋና በሳሪስ በገና ሰሞን ብስኩት ሲፈጭ፣ ቸኮሌት ሲቀልጥ፣ አልፎ አልፎም ማርሽማሎ ሲከተፍ ያየ ሰው ነገሩን የቲክቶክ ወረት ነው ብሎ ያልፈዋል። እውነት አለው፤ ሙሉውን ግን አይደለም። ሳይጋገር የሚሠራ ጣፋጭ ለዚህ አገር አዲስ ነገር አይደለም። አዲሶቹ ስኳሩ፣ ካካዎውና ማርሽማሎው ናቸው፤ እነሱም የመጡት በተለያየ ዘመንና በተለያየ በር ነው።

## ገብስ፣ ቅቤና ማር፦ እስከ 1909 ዓ.ም.

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር ጀሞና ለቡ ያሉበት የዛሬው ነፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ ከከተማ አይቆጠርም ነበር። ከፍል ውሃ ወደ ደቡብ የተዘረጋው መሬት የኦሮሞ ገበሬዎች እርሻና ግጦሽ ነው። በገበሬዎቹ ቤት ለበዓልና ለክቡር እንግዳ ከሚቀርቡት ምግቦች አንዱ ጭኮ ነበር። ገብሱ ይቆላል፣ ይፈጫል፤ ዱቄቱ በቅመም በተነጠረ ቅቤ ይታሻል፤ ከዚያ በዕቃ ተደልድሎ ይቀመጣል። ቅቤው ሲረጋ ዱቄቱን አንድ ላይ ይይዘዋል። ቀናት ቢያድርም አይበላሽም።

በደጋው ሁሉ ደግሞ በሶ አለ። የመንገደኛና የዘማች ስንቅ ነው፤ ውሃ ጠብ አድርጎ መጨበጥ ብቻ ይበቃዋል። ማር ያለው በማር ያሸዋል። ከኑግና ከሰሊጥ የሚሠራው ልጥልጥም ከዚሁ ወገን ነው።

ልብ ማለት የሚገባን አሠራሩን ነው። እሳት የሚያስፈልገው አስቀድሞ ለመቁላት ብቻ ነው። የቀረው ሥራ ማሸትና ማርጋት ነው። ዛሬ ብስኩት ፈጭታ በቀለጠ ቸኮሌት የምታሽ ሴት የምትሠራው ይህንኑ ነው፤ የገብሱን ቦታ ብስኩት፣ የቅቤውን ቦታ የካካዎ ስብ ተካው እንጂ።

ማር እንዲህ በሞላበት አገር ጣፋጭ ለምን አልበዛም ለሚል መልሱ ጠጅ ነው። ማሩ ከገበሬው ለጌታው ግብር ሆኖ ይሄድ ነበር፤ ከጌታው ቤት ደግሞ ጌሾ ይጠብቀዋል። ከምግብ በኋላ ጣፋጭ ማቅረብ የሚባል ወግም በማዕዳችን አልነበረም። በዓል ሲመጣ የሚታሰበው ሥጋው፣ ዶሮው፣ ድፎ ዳቦው ነው። ድፎ ዳቦውም ቢሆን ኦቭን አልጠየቀም፤ በኮባ ተጠቅልሎ ከታችም ከላይም እሳት ሲነድለት ይበስላል።

ሌላው የማይታለፍ ነገር ጾም ነው። የገና ጾም ከኅዳር 15 ጀምሮ እስከ በዓሉ ዋዜማ ይዘልቃል። ቅቤ የገባበት ጭኮ የፍስክ ነው፤ በማር የታሸ በሶ የጾም ነው። ይህ ድንበር ከመቶ ዓመት በኋላ ቸኮሌቱንም ለሁለት ከፍሎታል።

## ባቡሩና ፎርኖው፦ ከ1909 እስከ 1933 ዓ.ም.

ስኳር በቅፍለት ነጋዴ እየተጫነ ሲመጣ የመኳንንት ዕቃ ነበር። በ1909 ዓ.ም. የጅቡቲው ባቡር አዲስ አበባ ሲደርስ መንገዱ አጠረ፣ ጭነቱም በዛ። የአርመን፣ የግሪክ፣ የሕንድና የዓረብ ነጋዴዎች ሱቅ ውስጥ ስኳር፣ ብስኩትና የታሸገ ጣፋጭ መታየት ጀመረ። ያም ሆኖ ገዢው ጥቂት ነው። ሕዝቡ ባቡሩን እንጂ ባቡሩ የጫነውን ስኳር አላወቀውም።

ጣሊያን በ1928 ዓ.ም. ከተማዋን ሲይዝ ዳቦ ጋጋሪውና ኬክ ሠሪው ተከትሎት መጣ። ፎርኖ ዳቦ፣ ቦምቦሊኖና ቶርታ ከአፋችን የገቡት ከዚያ ወዲህ ነው። በ1933 ዓ.ም. ወራሪው ሲወጣም ከባለሙያዎቹ እዚሁ የቀሩ ነበሩ፤ አብረዋቸው የሠሩ ኢትዮጵያውያንም ሙያውን ቀሰሙ። ፒያሳ የኬክ ቤቶች መንደር ሆነች። የኤንሪኮ ኬክ ቤት ስም እስከ ዛሬ የሚነሣው ከዚህ ወግ የተነሣ ነው። ጉዳቱ ግን ጣፋጭ የኬክ ቤት ሥራ ነው የሚል አስተሳሰብ መተከሉ ነው። ኬክ በካርቶን ታስሮ ወደ ቤት የሚገባ እንጂ ከቤት የሚወጣ ነገር አልሆነም።

ከዚህ ቀደም ብሎ በሌላው ዓለም ቸኮሌት ከመጠጥነት ወደ ጠጣር ምግብነት ተሻግሮ ነበር። የኔዘርላንዱ ቫን ሁተን እ.ኤ.አ. በ1828 የካካዎን ስብ ከዱቄቱ የሚለይ መጭመቂያ አስመዘገበ፤ የእንግሊዙ ፍራይ በ1847 ጠጣሩን ቸኮሌት ሠራ፤ የስዊዙ ዳንኤል ፒተር በ1875 ወተት ጨመረበት። ማርሽማሎ ደግሞ ረግረግ ዳር ከሚበቅል ተክል ሥር የሚወጣ ዝልግልግ መድኃኒት ነበር። የፈረንሳይ ጣፋጭ ሠሪዎች በ19ኛው መቶ ዘመን ከስኳርና ከእንቁላል ነጭ ጋር እየመቱ ጣፋጭ አደረጉት። በኋላ የተክሉ ሥር ቀርቶ ጀላቲን ገባ። ጀላቲን ከእንስሳት ቆዳና አጥንት የሚወጣ ነው፤ ይህን ነገር ኋላ እንመለስበታለን።

እ.ኤ.አ. በ1939 አሜሪካ ውስጥ ኬሎግ ኩባንያ ትሠራ የነበረችው ሚልድረድ ዴይ ማርሽማሎን በቅቤ አቅልጣ ከተፈነዳ ሩዝ ጋር ለወሰችው፤ በትሪ ደልድላ አረጋችው፤ ቆረጠችው። ኦቭን የለም። በእኛ አቆጣጠር 1931 ዓ.ም. መሆኑ ነው፤ አዲስ አበባ በጣሊያን እጅ ነበረች። ሁለቱን ሙያዎች ጎን ለጎን ላስተዋለ ሰው፣ የአሜሪካዊቷ ትሪና የጭኮው ዕቃ ከስኳሩ በቀር ብዙም አይለያዩም።

## ስኳር በደብረ ዘይት መንገድ፦ ከ1946 እስከ 1966 ዓ.ም.

ለእኔ የዚህ ታሪክ ትልቁ እጥፋት ቸኮሌት አይደለም፤ የወንጂ ስኳር ፋብሪካ ነው። ኤች ቪ ኤ የተባለው የኔዘርላንድ ኩባንያ በኢንዶኔዥያ ሰፊ የእርሻ ይዞታ ነበረው። ኢንዶኔዥያ ነፃ ስትወጣ ሌላ አገር መፈለግ ግድ ሆነበት፤ ከኢትዮጵያ መንግሥት ጋር ተዋውሎ በአዋሽ ዳር ሸንኮራ ተከለ። በ1946 ዓ.ም. ወንጂ ስኳር ማምረት ጀመረ። ቀጥሎ የሸዋ፣ ከዚያም የመተሐራ ፋብሪካዎች ተከተሉ።

ከወንጂ በናዝሬት አድርጎ የሚመጣ መኪና አዲስ አበባ የሚገባው በደብረ ዘይት መንገድ ነው፤ በቃሊቲ፣ በሳሪስና በነፋስ ስልክ በኩል ማለት ነው። በዚያው መንገድ ግራና ቀኝ ፋብሪካዎች ተተከሉ፤ ሠራተኛው በዙሪያቸው ሠፈረ። ደመወዝተኛ ቤተሰብ ሻይ በስኳር ጠዋት ማታ መጠጣት ለመደ። አሥርና ሃያ ዓመት ባልሞላ ጊዜ ስኳር ከመኳንንት ቤት ወደ ጭቃ ቤት ወረደ። ከረሜላም ተከተለ። ኋላ በስኳር ኮርፖሬሽን ሥር የተጠቃለሉት የአዲስ ከተማና የአሥመራ ከረሜላ ፋብሪካዎች የዚህ ዘመን ልጆች ናቸው። ከረሜላ የእንግዳ ልጅ መሸኛ ሆነ።

በትምህርት ቤት ሆም ኢኮኖሚክስ የተማሩ ልጃገረዶች ኬክና ብስኩት መጋገር ያውቁ ነበር። ሙያው ግን ከቤታቸው ሲደርስ ይቆማል፤ የተማሩበት ኦቭን እቤት የለም። ያወቁትን በምጣድና በድስት ለማድረግ የሞከሩ ነበሩ፤ የድስት ኬክ የሚባለው ነገር ከዚህ ዓይነቱ ሙከራ የቀረ ነው። በብረት ድስት ውስጥ፣ ከታች ከሰል፣ ከክዳኑ ላይም ፍም ይደረጋል። የድፎ ዳቦ ብልሃት ነው።

በዚያው ሰሞን አሜሪካ ውስጥ አሌክስ ዱማክ የተባለ ሰው ማርሽማሎን በቱቦ እየገፋ የሚቆርጥ ማሽን ሠራ፤ አንድ ቀን ሙሉ ይደከምበት የነበረው ጣፋጭ ረክሶ በከረጢት ተሸጠ። ወደ እኛ ግን ገና ብዙ ዓመት ቀርቶታል።

## የቀበሌ ሱቅ ዘመን፦ ከ1967 እስከ 1983 ዓ.ም.

በጥር 1967 ዓ.ም. ደርግ ትልልቅ ፋብሪካዎችን ሲወርስ የኤች ቪ ኤ ስኳር ፋብሪካዎችም የመንግሥት ሆኑ። በዚያው ዓመት ሐምሌ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ታወጀ፣ ቀበሌ ተቋቋመ፣ የቀበሌው ሱቅም ተከፈተ። ስኳር በቤተሰብ ልክ እየተመዘነ በካርድ ይታደል ጀመር።

የዚያን ጊዜ እናቶች ስኳርን እንዴት እንደሚይዙት ያደገበት ሁሉ ያውቀዋል። ጣሳው ከፍ ካለ ቦታ ይቀመጣል፤ ማንኪያው ይቆጠራል። በዓል ሊደርስ ሲል ከየሳምንቱ ድርሻ እየተቀነሰ ይጠራቀማል፤ ያም ከጠላው ጎን ለሚቀርበው ብርዝ፣ ለሻዩ፣ ቢተርፍ ለዳቦ ቆሎ ነው። ለቤት ጣፋጭ የሚተርፍ ስኳር አልነበረም። ልጆች በሶን በስኳር አሽተው እንደ ኬክ የበሉት በዚህ ጊዜ ነው፤ በአዳሪ ትምህርት ቤትም በወታደር ካምፕም በሶ በስኳር የቅንጦት ያህል ነበር።

ቸኮሌት የሚገኘው ከውጭ ከተመለሰ ሰው እጅ ነው። በሶቪየት ኅብረትና በምሥራቅ አውሮፓ የተማሩት ሻንጣ ውስጥ አንድ ሁለት ፍሬ አይጠፋም። አንዱ ቸኮሌት በቢላ ተከፋፍሎ ለሠፈሩ ልጅ ሁሉ ይዳረስ ነበር። ወረቀቱም አይጣልም፤ በመጽሐፍ መካከል ይቀመጣል።

## ሻንጣው፦ ከ1984 እስከ 1996 ዓ.ም.

ገበያው ሲከፈት መርካቶ በዱባይ ዕቃ ተጥለቀለቀ። ባምቢስንና ፋንቱን በመሳሰሉ ሱፐርማርኬቶች ካካዎ በቆርቆሮ፣ የዱቄት ወተት፣ የገበታ ቅቤ በመደርደሪያ ተገኘ። በአሜሪካና በአውሮፓ የከተመው ወገን ለእንቁጣጣሽና ለገና መመላለስ ሲጀምር ሻንጣው ዋነኛው የጣፋጭ በር ሆነ። ማርሽማሎ ቤታችን የገባው በዚህ በር ነው እንጂ በንግድ በር አይደለም።

ከረጢቱን የተቀበሉ ሰዎች መጀመሪያ የተገረሙት በጣዕሙ አልነበረም፤ ተነፍቶ መምጣቱ ነው እንጂ። ምክንያቱ ቀላል ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል 2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስላለች የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ማርሽማሎ በስኳርና በጀላቲን የታሰረ አየር ስለሆነ ከረጢቱም ፍሬውም ያብጣል። ተበላሽቷል ብለው የጣሉት ሰዎች ነበሩ ይባላል፤ አልፈርድባቸውም።

ከዲያስፖራው ልጆች ጋር ሌላም ነገር መጣ፤ ሁለት ገና። ታኅሣሥ 16 የፈረንጆቹ፣ ታኅሣሥ 29 የእኛ። የመጀመሪያው የሚውለው በጾም ውስጥ ነው። ልጆቹ ጣፋጭ ይፈልጋሉ፤ አያት ጾም ነው ትላለች። ከዚህ ድርድር የተወለደው የጾም ቸኮሌት ነው፤ ወተት የሌለበት ካካዎ በዘይት ወይም በኦቾሎኒ ቅቤ።

## ኮንዶሚኒየሙ፦ ከ1997 እስከ 2010 ዓ.ም.

በአርከበ ዕቁባይ ከንቲባነት ዘመን የተጀመረው የኮንዶሚኒየም ግንባታ የነፋስ ስልክ ላፍቶን መልክ ለወጠው። ጎፋ፣ ለቡ፣ ከሁሉ በላይ ጀሞ፤ ትናንት ጤፍ የበቀለበት ሜዳ በሺዎች በሚቆጠሩ ቤቶች ተሞላ። ወደዚያ የገባው ሰው የወጥ ቤት ልማዱን መለወጥ ነበረበት። አራተኛ ፎቅ ላይ እንጨት አይነድም። ከሰልም ጎረቤት ያጣላል። እርድና ትልቅ ሥራ በግቢው የጋራ ቤት ይሠራል፤ እቤት ያለው ጠባብ ማብሰያ፣ አንድ መክተፊያ ጠረጴዛ፣ አንድ ባለ ሁለት ምድጃ ነው። ጭስ የማይፈልግ፣ ቦታ የማይፈጅ፣ ልጆች የሚያግዙበት የበዓል ሥራ ለዚህ ቤት ልክ ነበር።

ብስኩቱ ደግሞ ቅርብ ነው። የቃሊቲ ምግብ ፋብሪካ ጎረቤት ነው፤ ሌሎች የብስኩት ፋብሪካዎችም ተከፍተዋል፤ ደረቅ ብስኩት በየኪዮስኩ ይገኛል። በኢቢኤስ እንደተላለፈው ጆርዳና ኩሽና ያሉ የቴሌቪዥን ዝግጅቶች ደግሞ ወጥ ቤትን የሚታይ ነገር አደረጉት። ኦቭን የጠየቀውን አሠራር ተመልካቹ አደነቀ፤ ያልጠየቀውን ሠራው።

## መብራቱና ኮሮናው፦ 2011 እና 2012 ዓ.ም.

ግንቦት 2011 ዓ.ም. የግልገል ጊቤ ሦስት ግድብ ውሃ በማነሱ መብራት በፈረቃ ሆነ። ኦቭን ገዝተው የነበሩትንም ኬኩን መሐል ላይ እያቋረጠ አስመረራቸው። በዓመቱ መጋቢት 2012 ዓ.ም. ኮሮና ገባ፣ ትምህርት ቤት ተዘጋ፣ ልጆች ቤት ዋሉ። ፋሲካው በየቤቱ ተከበረ። ዩቲዩብና ቴሌግራም «ያለ ኦቭን» በሚሉ አሠራሮች የተሞሉት ያን ጊዜ ነው።

አሠራሩን ቀረብ ብለን እንየው። ሁለት ፓኬት ደረቅ ብስኩት በፌስታል ይታሰርና በዳቦ መዳመጫ ወይም በጠርሙስ ይደቆሳል፤ ሙሉ በሙሉ ዱቄት መሆን የለበትም፣ ጥርስ ላይ የሚያርፍ ነገር ይኑረው። ድስት ውስጥ ውሃ ይፈላል፤ ከላዩ ጎድጓዳ ሣህን ይጣዳል፤ ቸኮሌቱና የገበታ ቅቤው በእንፋሎቱ ይቀልጣሉ። አዲስ አበባ ላይ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ስለሆነ እንፋሎቱ ለስለስ ያለ ነው፤ ቸኮሌቱን የሚያሳርረው ሰው የቸኮለ ነው። ከእሳት ይልቅ የሚፈራው ውሃ ነው። አንዲት ጠብታ ከገባች ቸኮሌቱ ይጓጉላል፣ አሸዋ ይሆናል፤ ሞቅ ያለ ወተት ወይም ዘይት ጨምሮ ማዳን ይቻላል እንጂ እንደ ቀድሞው አይሆንም። ብስኩቱ ከገባ በኋላ ማርሽማሎ ያለው በመቀስ ከትፎ ይጨምራል። መቀሱን ዘይት መቀባት ነው፣ አለዚያ ይጣበቃል። ማርሽማሎው የሚገባውም ቸኮሌቱ ለብ ሲል ነው፤ ትኩስ ከሆነ ይቀልጥና ቅርጹን ያጣል።

ከዚያ በፕላስቲክ ተጠቅልሎ ይቀዘቅዛል። እዚህ ላይ ታኅሣሥ ራሱ ያግዛል። የካካዎ ስብ የሚቀልጠው 34 ዲግሪ ገደማ ነው፤ የገና ሰሞን ሌሊት በአዲስ አበባ ከ10 ዲግሪ በታች ይወርዳል። መብራት ቢጠፋ፣ ፍሪጅ ባይኖር፣ በረንዳ ላይ በክዳን ያደረ ትሪ ጠዋት በቢላ ይቆረጣል። የፋሲካው ግን ሙቀት ላይ ስለሚውል ፍሪጅ ይፈልጋል።

## ዶላሩና ካካዎው፦ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ

ጥቅምት 2015 ዓ.ም. መንግሥት የውጭ ምንዛሪ እጥረቱን ምክንያት አድርጎ 38 ዓይነት ዕቃዎች ከውጭ እንዳይገቡ ሲያግድ ቸኮሌትና ከረሜላ የመሳሰሉ ጣፋጮችም ዝርዝሩ ውስጥ ነበሩ። ዕቃው ከመደርደሪያ አልጠፋም፤ ዋጋው ግን ሰማይ ወጣ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ሲወሰን እገዳው ተነሣ፤ ነገር ግን 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር አለፈ። በዚያ ላይ በጋናና በኮትዲቯር ምርት በመበላሸቱ ካካዎ በዓለም ገበያ ታይቶ የማይታወቅ ዋጋ አወጣ፤ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2024 ቶኑ ከ12,000 ዶላር በላይ ተሸጠ። የ2017 ገና የደረሰው በዚህ መሐል ነው።

የነፋስ ስልክ ቤቶች ለዚህ የሰጡት መልስ ብልህነት ያለበት ይመስለኛል። ቸኮሌቱን ትተው የካካዎ ዱቄቱን ያዙ፤ በስብነት የኦቾሎኒ ቅቤ ገባ፤ ማርሽማሎው በተቆላ ሰሊጥ፣ በኦቾሎኒ ወይም በፈንዲሻ ተተካ። ሁለት ፓኬት ብስኩት፣ ሦስት የሾርባ ማንኪያ ካካዎ፣ ግማሽ ኩባያ የኦቾሎኒ ቅቤ፣ እስኪያያዝ ድረስ የስኳር ሽሮፕ፤ በእጅ ተድቦልቡሎ ሰሊጥ ላይ ይንከባለላል። የጾም ነው፤ ርካሽ ነው፤ እውነቱን ለመናገር ከማርሽማሎውም ይጣፍጣል። ከባልትና ቤት የተገዛ የገብስ ዱቄት ብስኩቱን ተክቶ የሚሠራበት ቤትም አለ፤ ያ ጭኮ ነው፣ ካካዎ የገባበት ጭኮ።

ማርሽማሎ እንግዳ ሆኖ ቀርቷል። ሻንጣ ሲመጣ ይመጣል፣ ሲያልቅ ይረሳል፤ የቤቱ ጣፋጭ ለመሆን የሚያበቃው ነገር የለውም፣ ጣዕሙም ስኳር ብቻ ነው። ለሚወዱት ልጆች መከልከል ግን አይገባም። የሚያቀርበው ሰው አንድ ነገር ይጠንቀቅ፦ የከረጢቱን ጀርባ ያንብብ። ጀላቲን ከተጻፈበት በገና ጾም የሚበላ አይደለም፤ «የዓሣ ጀላቲን» የሚለውም ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም ወደሚለው የቆየ ክርክር ይወስዳል። ምንጩ ካልተገለጸ ደግሞ የአሳማ ሊሆን ስለሚችል፣ በበዓሉ ቀን እንኳን ሙስሊም ጎረቤት ባለበት ትሪ ላይ ባይቀላቀል ይመረጣል። የሰሊጡን ለብቻ፣ የማርሽማሎውን ለብቻ አድርጉት።